ከኮፈኑ ሥር ያለ ጭቃ

ኤፕሪል 7

ጁን 11 ስልሳ ዓመት ይሞላኛል። ከዚያ በፊት አሮጌዋ ቼቬል መኪናዬ ላይ የሞተር ጉልበት የሚጨምር ሱፐርቻርጀር ይገጠማል፤ አለቀ። ይኼን ደብተር የገዛሁትም ለዚሁ ነው፤ የቱን እንደምመርጥ፣ ለምን እንደምመርጥ እየጻፍኩ እንዳስብበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ለከርሞ" እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ።

ጠዋት ለኦዴል ነገርኩት። ኦዴል ኢኮርስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሞተር የሚያድስ ጓደኛዬ ነው። ከወጣትነታችን ጀምሮ እጃችን ከአንድ ዘይት ሳይወጣ አርጅተናል።

"መኪናዋ ለምንድን ነው?" አለኝ፣ እንደማያውቃት።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼንኑ ነው። ለውድድር? ለኦገስቱ የዉድዋርድ የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ? ወይስ ለምን?"

"ሥራ የምሄድባት፣ ወተት የምገዛባት ናት። በየቀኑ። በበረዶውም፣ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚነሰነሰው ጨውም።"

"በየቀኑ የሚነዳት ማነው?"

"እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

ባለቤቴ ቬርና የመንጃ ፈቃድ ማደሻውን ደብዳቤ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። ፈቃዱ ልደቴ ቀን ያበቃል። "የዐይን ምርመራ" የሚለውን መስመር በቀይ ከባዋለች። እኔን ለማናደድ ነው እንጂ ደብዳቤ ማንበብ አያቅተኝም። መነጽሬ አርጅቷል፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ኤፕሪል 10

ቸኩያለሁ። የጎረቤት ቆሻሻ መጣያ የቀኝ ስፖኪዮዬን ገጨው። ሰው ዕቃውን መንገድ ላይ ነው የሚያቆመው። ከሥራ ስመለስ አስረዋለሁ።

ኤፕሪል 14

ከኦዴል ጋር ግማሽ ቀን ተከራከርን። ነገሩ ቀላል ነው። ሱፐርቻርጀር አየር ጨምቆ ሞተር ውስጥ ይከታል፤ ብዙ አየር ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ ብዙ ጉልበት ይወጣል። ሦስት ዓይነት አለ፤ ልዩነቱ አቀማመጡና ጠባዩ ነው። ትልቁ የምንለው ሞተሩ አናት ላይ ይቀመጣል። ነዳጅ እንደነካህ ወዲያው ይመነጭቅሃል፤ ግን ኮፈን ተቆርጦ ወደ ላይ ይወጣል። ባለ ጥንድ ዘንጉም አናት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ይሻላል፣ ለአሮጌ ሞተር ግን መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። ጎነኛው የምንለው ከፊት ለፊት በጎን ይታሰራል፤ በቺንጋ ይዞራል፤ በዝግታ ስትነዳ መኖሩን ትረሳዋለህ። ሞተሩ ሲጮህ ነው እያፏጨ የሚመጣው።

"ለአንተ ትልቁ ነው የሚሆነው" አለ ኦዴል እየሳቀ፤ "ሴቶች ከሩቅ ያዩሃል።"

"እሱን አልፈልግም። መንገድ ይጋርዳል።"

ሳቁን አቆመ። "መንገድ ይጋርዳል" አለ ቃሌን ደግሞ።

"አዎ። በየቀኑ የሚነዳ ሰው ፊቱ ክፍት መሆን አለበት።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለ። አባባሉ ደስ አላለኝም።

ኤፕሪል 18

ካርታ ጨዋታ በጓደኛችን በዱዌይን ቤት። የተጠየቀው ዓይነት ካርታ እጄ ላይ እያለ ሌላ ጣልኩ። ሁለት ጊዜ። ዩከር የምንለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወት ይኼን የሚያደርግ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሰካራም ነው። እኔ ደግሞ የጠጣሁት ለስላሳ ነበር። ዱዌይን አምፖሉን ወደ እኔ ጎተተው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኤፕሪል 23

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ትምህርት ቤቱ ጥግ። ኮፈኑ ላይ ቅርንጫፍ ወደቀ። ዱብ አለ። ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ነበረች። አላቆምኩም፤ ሥራ እየረፈደብኝ ነበር። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ምንም የለም።

ነፋስ አልነበረም። የደረቀ ቅርንጫፍ ግን ያለ ነፋስም ይወድቃል።

ኤፕሪል 25

ወተት ልገዛ ሱቅ ገብቼ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ከአንዲት ሴት ጋር ስታወራ ሰማሁ።

"ሚስ ኦፓልን ሰማሽ አይደል?"

"ልጆች የሚያሻግሩትን?"

"መኪና ሊወጣባቸው! በዚያ 'ቁም' በሚለው ሰሌዳቸው ኮፈኑን ባይመቱት ኖሮ አልቆላቸው ነበር። ዘለው ሲወድቁ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።"

"ውይ በሞትኩት! ልጆቹስ?"

"ገና አስፋልት አልረገጡም ነበር። ሁለት እርምጃ ነው የቀራቸው።"

"ሰውየውስ?"

"መች ቆመና! ጥቁር መኪና ነው አሉ።"

ጥቁር። የእኔዋ አረንጓዴ ናት። ጠቆር ያለ አረንጓዴ።

ሚስ ኦፓልን አውቃቸዋለሁ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከኦዴል ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ባለፍኩ ቁጥር ሰሌዳቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉኛል። ሰው አጥቶ ነው ወይ አንድ ወጠጤ እሳቸውን የሚገጭ!

ከነገ ጀምሮ በፎርት መንገድ ነው የምሄደው። በትምህርት ቤቱ በኩል መንገድ ሊቆፍሩ ነው መሰለኝ።

ወተቱን ረስቼው መጣሁ።

ኤፕሪል 30

ቬርና ዛሬም በአውቶቡስ ሄደች። የመኪናዋ ወንበር ወገቤን ያመኛል ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ያላመማት ወንበር!

"ስትደርስ ደውልልኝ" አለችኝ።

"ፋብሪካው እኮ አሥር ደቂቃ ነው።"

"ደውል አልኩህ፣ ሃርላን።"

ደወልኩ። ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሳችው።

ሜይ 6

መረጥኩ። ጎነኛው። ምክንያቴን እዚህ ላስፍር፤ በኋላ እንዳልወላውል። አንደኛ፣ ከመብራት መብራት ለሚነዳ ሰው ረጋ ያለ ነው። ክረምት ላይም ሞተሩ በደህና ይነሳል። ተራውን ቤንዚን ይጠጣል። ከሁሉ በላይ ኮፈኑ እንደነበረ ይዘጋል፤ ፊቴን አይጋርድም። ለቬርና ይኼን ሁሉ ሳስረዳት ድንች እየላጠች ሰማችኝ።

"ስንት ዓመት ልትነዳት ነው?" አለች።

"እስክሞት ነዋ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

ታዲያ ምን ጠየቀችኝ? ድንቹን ጨርሳ ወጣች።

ኦዴል ቅዳሜ ኮፈኑ መዝጋቱን እንለካለን ብሏል።

ሜይ 9

ዛሬ የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጎነኛው ሱፐርቻርጀር አየሩን በቱቦ ያመጣና አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ በተደፋ የአሉሚኒየም ቆብ ውስጥ ያስገባዋል። ጥያቄው ኮፈኑ በዚያ ቆብ ላይ ይዘጋል ወይ ነው። በሜትር አይለካም፤ ከተዘጋ ኮፈን ሥር ማን ገብቶ ያያል? ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግን። ኦዴል ከአሮጌ ዕቃው መካከል አንድ ቆብ ቆፍሮ አወጣ። አናቱ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ፣ ያን የማይደርቀውን፣ ደልደል አድርገን ለጠፍንበት። እንዳይጣበቅ ኮፈኑን ከሥር ዘይት ቀባነው። ቀስ ብለን ዘጋን፣ ከፈትን። የተረፈው የጭቃ ውፍረት ያለህ ክፍተት እሱ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ በተቀመጠበት ሱፖርቶ ላይ ወደ አንድ ጎን ይነሳልና፣ ቢያንስ አውራ ጣት የሚያህል መትረፍ አለበት።

"አንተ ለካው" አለና መለኪያውን ሰጠኝ።

መለኪያውን ኪሴ ከትቼ በጣቴ ለካሁ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ዕቃ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ቁልፍና ብሎን በእጄ ነው የማውቀው። በስተኋላ አውራ ጣት ሙሉ። በቀኝም በግራም እንደዚያው። መሐል ላይ ስደርስ ጣቴ ብረቱን ነካ። ጭቃው እዚያ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

"ይኼ ኮፈን ድሮ ቀጥ ያለ ነበር" አለ ኦዴል። ኮፈኑን መልሶ ዘጋና መዳፉን በላዩ ላይ አሳለፈ። መዳፉ መሐሉ ላይ ቆመ። "ሃርላን፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ቅርንጫፍ ወድቆበት ነው።"

ጭቃውን ከቆቡ ላይ ሳያበላሽ ላጠውና ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ሄደ። እኔም ተከተልኩት። በጣቴ ዳሰስኩት። ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ጫፉ ጋ ሰፋ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ይታጠፋል።

"ቅርንጫፍ ማዕዘን አለው?" አለኝ።

ሬዲዮኑን ዘጋው።

"እሑድ ሚስ ኦፓልን አግኝቻቸው ነበር።"

"እንዴት ናቸው?" አልኩ።

"ሄደህ ጠይቃቸው" አለና ጭቃውን እጄ ላይ አስቀመጠው።

ቤት ይዤው መጣሁ። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሜይ 10

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ትልቁ ይሻላል። ሳስበው ጎነኛው ለሽማግሌ ነው፤ እስኪነቃ ቀኑ ይመሻል። ትልቁ ሲገጠም የኮፈኑ መሐል ተቆርጦ ይወጣል። በንጹሕ ይቆረጣል፤ የነበረው ቁራጭ ይጣላል። መጋረዱን ይለመዳል። ሰው ሁሉን ነገር ይለምዳል።

ሜይ 13

ለኦዴል ደወልኩ።

"ትልቁን እፈልጋለሁ። ኮፈኑን ቁረጠው።"

"ባለፈው ወር መንገድ ይጋርዳል አላልክም?"

"ቀይሬያለኋ! ሰው ሐሳቡን አይቀይርም?"

"የት ላይ ልቁረጠው?"

"መሐሉን ነዋ፣ ሌላ የት ይቆረጣል?"

"ወንድሜ" አለኝ። ኦዴል ወንድሜ ሲለኝ ይኼ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው እናቴ የሞተች ቀን ነበር። "እኔ እዚያ ኮፈን ላይ መጋዝ አላሳርፍም። ጎነኛውንም አልገጥምልህም። አንዲት ብሎን አላጠብቅልህም።"

"ገንዘቤ አይበላም?"

"ሰምተኸኛል።"

ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ፣ ውስጡ ያለው ድንጋይ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሜይ 21

ቬርና የእኔ ፊደል ለምን እንዲህ እንደተለቀ ጠየቀችኝ። ደብተሩን አይታዋለች ማለት ነው። አንድ ገጽ ላይ አሁን ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው የሚገባልኝ።

እሺ፤ ልጻፈው። ማንም አያነበውም፤ ብታነበውም ታውቀዋለች።

ፌብሩዋሪ ላይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ለቬርና ጥርሴን ነው አልኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ረጋ ብሎ ነገረኝ። የዐይኔ መሐሉ እየሞተ ነው። ዳር ዳሩ ይቀራል፣ መሐሉ ይሄዳል፤ መነጽር አይመልሰውም። መንዳት ማቆም አለብህ አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ቼቬሏን አስነስቼ ቤቴ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ነገር ፊት ለፊት ካየሁት ይጠፋል። ገለል ብዬ ጎን ጎኑን ካየሁት ብቅ ይላል። ዕቃ ቤት አልተቸገርኩም፤ ወጣቶቹ ሠራተኞች የጠየቁኝን ቁልፍ እጄ ያገኘዋል። መኪናዋም ውስጥ የማርሹን ማንሻ፣ የፍሬቻውን ጠቅታ፣ የፍሪሲዮኑን ንክሻ ሁሉ ሰውነቴ ያውቀዋል። የጠፋብኝ መንገዱ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቀጥ ብዬ ፊት ለፊቴን ነበር የማየው። ለዚህ ነው ያላየኋቸው። ሰሌዳውን የሰማሁት ነው እንጂ ያየሁት አይደለም። ሁለት እርምጃ ነው የቀራቸው አለች ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ልጆቹን።

ላያስችል አይሰጥም ይላሉ። አላስቻለኝም። እኔ ነኝ።

ነገም ግን በመኪና ነው ሥራ የምሄደው። ታዲያ በምን ልሂድ?

ሜይ 29

በፎርት መንገድ። በቀስታ። ከኋላዬ ክላክስ፣ ክላክስ፣ ክላክስ።

ጁን 9

አለፍኩ!

ጻፍኩት፤ ግን ደስ አላለኝም። የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ወረፋው እስከ በሩ ነበር። ከእኔ ፊት አሥር ሰው አለ። እያንዳንዱ ግንባሩን መሣሪያው ላይ ደግፎ ፊደሉን ጮክ ብሎ ያነባል። ያው መስመር ነው፤ አሥሩም ያንኑ አነበቡት። እኔ ድምፅ ሰምቼ የየትኛው ሞተር የትኛው ፒስተን እንደታመመ የምናገር ሰው ነኝ፤ ሰባት ፊደል ቀርቶ ሰባም በጆሮዬ እይዝ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግንባሬን ደገፍኩና ያንኑ አነበነብኩ። ያየሁት አንድ ግራጫ ክብ ብቻ ነው።

"በጣም ጥሩ፣ ጌታዬ" አለችኝ ልጅቷ። "ለአራት ዓመት።"

አራት ዓመት። የያዘችኝ መስሎኝ ነበር። ዕውነቱን ለመናገር ትያዘኝ ብዬም ነበር።

ለቬርና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። አንስታ አየችው፤ ፎቶውን፣ ቀኑን። ከዚያ ከፍሪጁ ላይ ደብዳቤውን ነቅላ አራት ቦታ አጠፈችው።

"ማን ያስቆምሃል እንግዲህ?" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ካርዱን ኪሴ ውስጥ ስነካካው ዋልኩ።

ጁን 10

ሳውዝጌት ያለ አንድ ጋራዥ ጋ ደወልኩ። ትልቁ አላቸው፤ ኮፈኑንም እነሱ ይቆርጣሉ። ማን እንደሚነዳት አልጠየቁኝም። ጉልበቱ ስንት እንዲሆን እንደምፈልግ ብቻ ነው የጠየቁኝ።

"ነገ ጠዋት አምጣት" አሉኝ።

ልደቴ ነው ነገ። እሺ አልኳቸው።

ጁን 11

ጠዋት ቁልፉን ልወስድ መሳቢያውን ስከፍት እጄ ጭቃው ላይ አረፈ። ረስቼው ነበር ልል ነበር፤ አልረሳሁትም፤ በየቀኑ ነው የምነካው። አውራ ጣቴን የሳሳው ቦታ ላይ አሳረፍኩት። ገጠመ።

ቁልፉን ትቼ ጭቃውን ይዤ በእግሬ ወጣሁ። ከእኛ ቤት እስከ ሚስ ኦፓል ቤት በመኪና ስድስት ደቂቃ ነው። በእግር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በኖርኩበት ከተማ የእግረኛ መንገዱ የት የት እንደሚቋረጥ አላውቅም ነበር።

ሚስ ኦፓል በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የእጃቸው ጀሶ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ታየኝ፤ ዳር ዳሩን እያየሁ ነው።

"ሃርላን ነህ? መኪናህስ?"

"ዛሬ በእግሬ ነኝ።"

"አንተ? በእግርህ? ዓለም ሊያልፍ ነው!" ብለው ሳቁ። "ና ተቀመጥ። አጥንቱ አልገጥም ብሎ ይኼ ሁለተኛው ጀሶዬ ነው። ልጆቹ ሁሉ ስማቸውን ጽፈውበታል። የአንተ ብቻ ነው የጎደለው፤ ትመጣለህ ብዬ ስንት ቀን ጠበቅኩህ።"

እስክሪብቶውን ሰጡኝ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ለራሴ እየደጋገምኩት ነበር የመጣሁት። ጭቃው በግራ ኪሴ ነው። መጀመሪያ ስሜን ጽፌ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጎንበስ ብዬ ነጭ የመሰለኝ ቦታ ላይ "ሃርላን" ብዬ ጻፍኩ፣ ትልቅ አድርጌ።

እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

"ልጄ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። "በትንሿ በካሚል ስም ላይ ነው የጻፍከው። በወንድሟም ላይ። አይታይህም?"

ጭቃውን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። ምን እንደሆነ አላስረዳሁም። በደህናው እጃቸው ዳሰሱት። ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ያንን ባለ ስምንት ማዕዘን ሰሌዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዘውታል።

"አረንጓዴ ነበረች ለካ" አሉ።

"አዎ፣ ሚስ ኦፓል።"

"እኔ ጥቁር አልኳቸው።"

ይቅርታ አልኩ፤ አንድ ሦስት ጊዜ ሳልለው አልቀርም። አይዞህ አላሉኝም። አልተቆጡኝምም። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ክዳኑን ገጠሙት።

"ልጆቹ እዚያው ጥግ ላይ ነበሩ፣ ሃርላን። ካሚልም ወንድሟም።"

"አውቃለሁ።"

"በል ሂድ አሁን። ለሚመለከተው የምነግረውን እኔ አውቃለሁ።" ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ደግሞ ጠሩኝ። "ፎርት መንገድን ስትሻገር ብቻህን እንዳትሻገር። ሰው ጠብቅና አብረህ ተሻገር።"

ይኼን የምጽፈው ፎርት መንገድ ጥግ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነው። ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳውዝጌት ያሉት ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር፤ ሱፐርቻርጀሩ ይቅርብኝ አልኳቸው። ቁልፉን ቬርና ትውሰደው።

አንድ መኪና እያፏጨ አለፈ። ጎነኛው ነው፣ ቺንጋው ትንሽ ላልቷል። የመኪናውን ቀለም አላየሁትም።

ሚስ ኦፓል እንዳሉኝ አብሮኝ የሚሻገር ሰው እየጠበቅኩ ነው። እኛ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ከተቀመጥኩ አርባ ደቂቃ ሆነኝ።